አሟሙቅ ያልከኝ ዕለት

ለዋርሳዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጤናህን እንዴት ነህ? ስኳርህስ ወረደልህ? ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዣለሁ። አራተኛ ፎቅ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፣ ዓሣዬን ራሴ እጠብሳለሁ፣ ዓርብ ዓርብ የዓሣ አጥማጆቹን ቡድን አሰለጥናለሁ። ይህንንም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሌ ከተጣመመብህ እንደምንም አንብበው።

ዓሣ ሻጩ ሸሃታ መልእክትህን አድርሷል። አሰልጣኝነቱን ስትተው ለክብርህ በሚደረገው የስንብት ጨዋታ፣ የአንጋፋዎቹ ቡድን አሰልጣኝ እኔ መሆኔን ሰምተህ፣ «ለዚያ ግትር ንገረው፤ የልጅ ልጆቼ እንዲያዩኝ መጨረሻ ላይ ትንሽ ያስገባኝ» ብለሃል። ሸሃታማ እየሳቀ፣ «ካፒቴን፣ ሆዱ እኮ ከሱ ቀድሞ ነው ሜዳ የሚገባው» አለኝ።

ታኬታህን ወልውለህ ና። «ተነስ፣ አሟሙቅ» እልሃለሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ ታሟሙቃለህ።

እኔን እንዲሁ አይደል ያደረግከኝ? በአንድ ሳሙና የምንታጠብ ጓደኛሞች ነበርን። መጫወት አቁመህ ፊሽካ አንገትህ ላይ ባንጠለጠልክ በዓመቱ አለቃዬ ሆንክ። የመጨረሻ ጨዋታዬ ነበር። የፖርት ሰዒድ ሰው ስሜን ይጠራል፤ እህትህ ኢንሳፍ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ከእረፍት መልስ አሟሙቅ አልከኝና መስመር ዳር ስመላለስ የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ። አንዴም ዞረህ አላየኸኝም። «አንተ፣ መቼ ነው የምታስገባኝ?» ብልህ፣ «አንተ አትበለኝ፤ አሰልጣኝ በለኝ» አልክ። ያን ሁሉ ሰው እያሰማህ።

እኔም አሰልጣኝ ለመሆን የማልኩት በማግስቱ ነው። እስከ ዛሬ የማላስገባውን ተጫዋች አሟሙቅ ብዬ አላውቅም። አንተ የመጀመሪያው ትሆናለህ።

ኢንሳፍ፣ አላህ ይዘንላት፣ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ «ወንድሜን ተወው። ሐኪሙ ጉልበትህ አንዴ ከተመታ ዳግመኛ አትቆምበትም ብሎኝ፣ እንዳታስገባው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እንዳይነግርህም አስምዬዋለሁ» አለችኝ። ትኩሳት ነው ያናገራት። እህት ለወንድሟ የማትለው የለም። አንተም ይኸው ስንት ዓመት ስሰድብህ አንድ ቃል አልመለስክልኝም። እውነት ቢሆን ሰው እንዲህ ዝም ይላል?

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ፤ ቢያንስ እስከ ጨዋታው ቀን። ታመምኩ ብለህ እንዳትቀርብኝ። ሽማግሌም አትላክብኝ፤ እኔ ዕዳዬን በሰው አላስጨርስም። መስመር ዳር ያስቀረኸኝን ካንተ ጋር ራሴ እጨርሳለሁ። አሰልጣኝ በለኝ ያልከኝንም በልጅ ልጆችህ ፊት ራሴ እጨርሳለሁ። የኢንሳፍ ግን ካንተ ጋር አይደለም። እሱን እሷ ጋ ስሄድ ራሴ እጨርሰዋለሁ።

የእህትህ ባል