«ይቅር» ተብሎ ስለተጻፈበት ካርቶን

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳዳሪ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ቢሮዎ ፀሐይ በሚገባበት በኩል እንደሆነና ማሞቂያውም ከጠዋት እስከ ማታ እንደማይጠፋ ባውቅም፣ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለሆነ ጠየቅሁ። እኔ በመጨረሻው ፎቅ የምኖረው የማተሚያ ቤት ጡረተኛ አራሚ ነኝ፤ ዕድሜዬን የሰው ፊደል ሳቃና የኖርኩ፣ አምና በክረምት ባለቤቴን የቀበርኩ፣ በእርስዎ ቢሮ ግን «ያ ጣሪያ ጣሪያ የሚል ሽማግሌ» ተብዬ የምታወቅ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። እስከ ዛሬ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች እየጠፉ ስላስቸገሩዎት፣ ይህኛውን እንኳ ጎረቤት ይጠብቅልኝ ብዬ ነው።

ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጣሪያው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ከአልጋዬ በላይ ያለው ጣሪያ ያፈስሳል። መጀመሪያ ባልዲ ደቀንኩ፣ ቀጥሎ አልጋውን አዞርኩ፣ በመጨረሻ እኔው ዞሬ ሳሎን ወንበር ላይ መተኛት ጀመርኩ። በደግነትዎ የላኩልኝ ባለሙያ አንገቱን ቀና አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ «አዎ፣ ያፈስሳል» ብሎኝ ሄደ። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያየውን የሚያይለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋልና ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ። «በመተላለፊያ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ይቅር። ትርፍ ዕቃ ይወገዳል» የሚለውን በየፎቁ ያስለጠፉትን ወረቀት በሙያዬ ዓይን አይቼው አንድ የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። እንዲያውም ጊዜውን ጠብቆ ነው የደረሰልኝ። በክረምት ቤት እንዴት እንደሚጠብ ያውቁታል፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የማይደርቅ ልብስ ከግድግዳ ግድግዳ ተሰጥቶ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታው እየወጣ ሰው ከዕቃው ጋር ይተፋፈናል። ባለቤቴ ከሄደች በኋላ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ስለ እሷ የሚጠይቀኝ እየመሰለኝ መላወሻ አጣሁ። ስለዚህ ቁም ሣጥኑን ከታች ፎቅ ላሉት አዲስ ተጋቢዎች፣ ድስቶቹን ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ትልቁን ጠረጴዛ ለልጄ ሰጠሁ። ልጄ «አባዬ፣ ቤቱን ባዶ አድርገህ የት ልትሄድ ነው?» ብላ በስልክ አለቀሰችብኝ። የትም አልሄድም፣ ግድግዳ ማየት አምሮኝ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

የቀረኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያና አንድ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ የባለቤቴ ቡናማ ካፖርት ነበር። አንዱ ቁልፍ የጠፋባት ጊዜ መሳዩን ፈልጌ ስላጣሁ፣ ከራሴ ኮት ጥቁር ቁልፍ ፈትቼ ሰፋሁላት። «አራሚ ተብለህ ስህተት ትሰፋለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልቀይርልሽ ብላት ግን እምቢ አለች፤ በየክረምቱ ከስህተቴ ጋር ለበሰችው። ካፖርቱ የእሷን ጠረን አልለቀቀም ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታብኝ ካርቶኑን ከፍቼ አሸተው ነበር። ይህን መናገር ለእኔ ዕድሜ ሰው ያሳፍራል፣ ግን ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ።

3ኛ. ስለ ካርቶኑ። ፍሳሹ ካርቶኑ ያለበት ድረስ ሲመጣብኝ ደረቅ ቦታ ፈለግኩ። በእርስዎ ትጋት ከቤቴ ደረቁ ቦታ ከቤቴ ውጪ ያለው መተላለፊያ ሆኖ ተገኘ። ላስቲክ ገዝቼ እስክመለስ ብዬ በሬ ላይ አስቀመጥኩትና፣ ማስታወቂያዎን ፈርቼ፣ በወፍራም ቀለም «ይቅር» ብዬ ጻፍኩበት። እዚሁ ይቆይ፣ አትንኩት ማለቴ ነበር። ስመለስ የለም፤ ትርፍ ዕቃ የሚሰበስቡት ሰዎች መኪናቸው ላይ ጭነውታል። የጫኑት ሰዎች አለቃ በትሕትና «አባባ፣ ራስዎ ይቅር ብለው ጽፈውበት የለም እንዴ? በቃ አልፈልገውም ያሉ መስሎን ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከራሴ ጽሑፍ በላይ የእርስዎ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ እዚያ ላይ ይቅር ማለት ይቁም፣ አያስፈልግም ማለት ነው። የእኔን በእርስዎ አነበበው። ስንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ያረምኩ ሰውዬ «አይነሣ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ካፖርቷ ዛሬ ቤቴ ነበር። ይህ የእኔ ስህተት ስለሆነ በእርስዎ ላይ አልቆጥረውም።

የእርስዎ የሚከተለው ነው። እየሮጥኩ ቢሮዎ ስደርስ መኪናው ገና ከግቢ አልወጣም ነበር፤ በመስኮትዎ ይታያል። አስቁሙልኝ፣ አንዴ መኪናው ላይ ወጥቼ ልፈልግ፣ የሟች ባለቤቴ ልብስ ነው ብዬ ለመንኩዎት። ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «በጽሑፍ ያመልክቱ» አሉኝ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ማመልከቻ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ መኪናው ሄዷል። ቆይቶ «ስለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ እንኳ ቀጥ ብሎ ነበር የተመታው።

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ላስቲክ ዘርግታ ካልሲ የምትሸጥ ሴት አየሁ። ካፊያው ይመታታል። የለበሰችው ቡናማ ካፖርት ነው፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፣ ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር ነው። የባለቤቴ ነው ማለት ፈለግሁ፤ ከየት አመጣሽው ማለት ፈለግሁ፤ ቢያንስ አንዴ ላሽትተው ማለት አምሮኝ ነበር። እሷ «አባባ፣ ብርድ ነው፣ ሁለት ይውሰዱ» አለችኝ። ዕቃ አላበዛም ያልኩት ሰውዬ ሁለት ካልሲ ገዛሁ። በልቤም ይቅር አልኩ። እሷ ጋ ይቆይ ማለቴ ይሁን፣ ከእንግዲህ አልፈልገውም ማለቴ ይሁን፣ አራሚው ራሴ አላወቅሁትም። ቤቴ ገብቼ ወንበሬ ላይ አለቀስኩ።

ስለዚህ የምለምንዎት ነገር የለኝም። ቤቴ እንደተመኘሁት ሆኗል፣ ትርፍ የሚባል አንድ ነገር አይገኝበትም። ዕቃ እንዲያንስልኝ ነበር የፈለግሁት፤ እሷን ከዕቃ አልቆጠርኳትም ነበር።

ጣሪያዎ እንዳያፈስ፣ ማሞቂያዎ እንዳይጠፋ፣ የሚወዱትም ሰው ልብስ ከእጅዎ እንዳይወጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከመጨረሻው ፎቅ፣ ከባልዲው አጠገብ
ጡረተኛው አራሚ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ይቅር ማለቴን አንብበው ለእርስዎም የተባለ እንዳይመስልዎት። እርስዎ በጽሑፍ ያመልክቱ።