ከወንበርህ ላይ የሚታየው

አስሬ ዓለሜ፣

«እንዴት ነህ?» ብዬ ብጀምር መልሱን ማን ያመጣልኛል? ስለዚህ ከራሴ ልነሳ። እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ ዓለም ተለይተኸኝ ከሄድክ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ዊንተር ገባ። በረዶውን ያለ አንተ ሁለቴ አየሁት፤ ሁለቴም አልወደድኩትም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። ነገሩን እስክነግርህ ቸኩያለሁ፤ ግን ታውቀኝ የለ፣ ዙሪያውን ሳልዞር አልደርስም።

ሰፈራችን ቶርንክሊፍ ፓርክ ያው ነው። ኤሌቬተሩ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን ያርፋል። ከታች ያሉት ፓኪስታናዊት አሁንም ምግብ ይልኩልኛል፣ እኔም ሳህናቸውን ባዶውን አልመልስም። ልጃችን ሳሮን ኤርፖርቱ አጠገብ ሥራ አግኝታ ሬክስዴል ቤት ተከራይታ ገብታለች። እሁድ እሁድ ልትመጣ ትሞክራለች፤ ሺፍት ሲኖራት ኮል ታደርግልኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ገባኝም አልገባኝም «እሺ የኔ ልጅ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል። አሁን አሁንማ ከፍሪጁ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። ሲያጉረመርም «ደግሞ ምን ሆንክ?» እለዋለሁ። አትሳቅ።

ከሁሉ የሚከብደኝ እሁድ ከሰዓት ነው። የአብሲንትህ ሰዓት ነበራ!

ያኔ ዳውንታውን ባር ውስጥ ብርጭቆ ታጥብ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን መጥተህ «አሪቲ አሪቲ የሚል፣ አብሲንት የሚሉት አረንጓዴ መጠጥ አገኘሁ» አልከኝ። ለበዓል የምንገዛው አሪቲ ከፈረንጅ ጠርሙስ ምን ሊሠራ ይገባል ብዬ ሳቅኩብህ። በኋላ ባለቤቱ ለገና አንድ ጠርሙስ ሰጠህና ይዘህ ገባህ። እኔ ደግሞ አረቄ መስሎኝ፣ አንተ ከሻወር እስክትወጣ እንኳን ሳልጠብቅ፣ ሊጠይቁን ለመጡት ለጋሽ ታደሰ በመለኪያ ቀዳሁላቸው። መርቀው ጭልጥ አደረጉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ሲመለስላቸው «ልጄ፣ ይሄ መጠጥ ነው ወይስ የበር ቀለም?» አሉኝ። ፎጣ እንዳገለደምክ ሳቅህን ማቆም አቅቶህ ሶፋው ላይ ወደቅክ።

ከዚያ ነው ወጉን ያስተማርከኝ። አረንጓዴው ከትልቁ ብርጭቆ ግርጌ ትንሽ ይቀዳል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማንኪያ ከብርጭቆው አፍ ላይ ይጋደማል። ማንኪያው ላይ አንድ ስኳር። ከዚያ በረዶ የገባበት ውሃ ከላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ቀልጦ እስኪወርድ። «ስኳሩን በእሳት የሚያቃጥሉት ለፎቶ ነው፤ የድሮዎቹ እሳት አያስነኩትም» ትለኝ ነበር። ባሩ ውሃ ማንጠባጠቢያ አለው፣ የብርጭቆ ገንቦ መሳይ ባለ አራት ቧንቧ። እኛ ቤት ያለው የእኔ እጅና ትንሿ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። «ለራስ መቅዳት አያምርም» ብለህ ማንቆርቆሪያዋን ለእኔ ሰጠኸኝ።

አንተ ኤግሊንተን ዌስት ካለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ በገዛነው አጭር ወንበር ላይ፣ አገጭህ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንዳልሳሳት ትንፋሼን ውጬ። ጠብታው ሲነካው አረንጓዴው እንደ ጭጋግ ይነጣል፣ አሪቲው ሽው ይላል። ሲበቃህ ጣትህን ታነሳለህ። አንዳንዴ ማንሳቱን ትረሳና ሞልቶ ይፈሳል፤ ጠረጴዛውን እየወለወልኩ ስቆጣህ ትስቃለህ። «ኡዞም እኮ ውሃ ሲነካው ይነጣል፣ ምን አዲስ ነገር አየህበት? ምንድን ነው እንዲህ የሚያፈዝህ?» እልሃለሁ። «አንቺ ዝም ብለሽ ጠብ አድርጊ» ነው መልስህ። አብሲንቱን ቀናሁበት ብልህ ታምናለህ? ለጓደኞቼ «አስራት እኔን እንደ ብርጭቆው ቢያየኝ ምን ነበረበት» እያልኩ እቀልድ ነበር። ቀልድም አልነበረም። ምን እንደሚያፈዝህ ሳትመልስልኝ ሄድክ።

የመጨረሻው ጠርሙስህ ውስጥ ለአንድ ብርጭቆ የምትበቃ ቀርታ ነበር። አንድ እሁድ ሁሉንም አሰናድቼ ማንቆርቆሪያዋን አነሳሁ። ከፊቴ ባዶ ወንበር። ጣቱን ማን ያነሳልኛል? ጠርሙሱን ሳልከፍት መለስኩት። ዳግም ወደ ቁም ሳጥኑ ዞር አላልኩም።

ያለፈው እሁድ ሳሮን መጥታ ቁም ሳጥኑን ላጽዳ አለች። ጠርሙሱን አውጥታ «ማም፣ ይሄ ኤክስፓየር አላደረገም?» ብላ ወደ ሲንኩ ስትሄድ እንዴት እንደጮህኩ! ደነገጠች። ጠርሙሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ በአማርኛ፣ አዎ በአማርኛ፣ «አባዬ እንዴት ነበር የሚጠጣው?» አለችኝ።

ማንቆርቆሪያዋን ሰጠኋት። እሷ ቀጂ ስትሆን ለእኔ የቀረው የአንተ ወንበር ነው። ተቀመጥኩበት። ልክ እንደ አንተ ዝቅ ብዬ። መጀመሪያ ውሃውን ለቀቀችው። «አበባ ታጠጫለሽ እንዴ? ጠብ! ጠብ አድርጊ!» አልኳት። ሳቀችና ቀስ አለች።

አስሬ፣ ብርጭቆው ሲነጣ እኮ ምንም አይታይበትም! ነጭ ነው፣ በቃ። ከወንበርህ ላይ የሚታየው ከማንኪያው በላይ ያለው ነው። የሚቀዳው ሰው ፊት። ከንፈሯን ነክሳ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፣ እያየኋት መሆኑን እንኳን ሳታውቅ፣ ሽፋሽፍቷ ሁሉ አንድ በአንድ ይታየኛል። እዚህ ተቀምጠህ፣ ያን ሁሉ እሁድ፣ እኔን ነበር የምታየው?

ጣቴን ማንሳት ረሳሁ። ሞልቶ ፈሰሰ። «ማም! ሴይ ሰምቲንግ!» ብላ ጮኸች። ምን ልበላት? እያለቀስኩ እስቃለሁ። የተረፈውን ተካፍለን ጠጣን፤ ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ሆኗል፣ አሪቲው ግን አልጠፋም።

ማታ ሺፍት ነበራት፣ ሄደች። ቤቱ ተመልሶ ጭር አለ፤ ፍሪጁም የልማዱን አጉረመረመ። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ አልዋሽህም። መልስህ ግን ደርሶኛል።

ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ስኳር ደርቆ ነጭ ክብ ሠርቷል። ስንቱን እየተቆጣሁህ ወልውያለሁ። ይሄኛውን ግን፣ ዓይኔ እያየ፣ እጄ እየሠራ፣ አልወለውለውም።

ቀጂህ፣
አልማዝ