ያልተመዘገበ ልጅ በማሳደሬ እንድቀጣ ስለመጠየቅ

ለክቡር የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ደረጃና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወንበሬ ተነሥቼ አቀርባለሁ። ጤናዎና እንቅልፍዎ እንደሚመኙት እንዲሆንልዎ፣ ልጆችዎም በሰላም ወጥተው በሰላም እንዲገቡልዎ እመኛለሁ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ ከሁለት እንዳይበልጡ ግን ከልቤ እለምናለሁ፤ የሚበልጡ ከሆነ ለዕረፍት በወጣችሁ ጊዜ ትርፉን የት እንደምታሳድሩት እያሰብኩ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ በአንድ የልብስ እጥበት ቤት ልብስ የምተኩስ ሴት ነኝ። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ትምህርቴ ብዙ ስላይደለ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ያስቀመጥኩትም ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ዕረፍት ሲያገኝ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ውኃ ዳር ወዳለች አንዲት ከተማ ለአራት ቀን ሄድን። ልጆቹ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ልጄ፣ አምስት ዓመት የሞላው ወንዱና ገና ጡት ያልጣለችው ትንሿ ነበሩ። ወንዱን ቤት ውስጥ ጠጠር እንለው ነበር፤ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ፣ ደግሞም ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሰውን የማያስቀምጥ ስለነበረ ነው። አውቶቡሱ በምሳ ሰዓት ካወረደን ጀምሮ ስድስት በር አንኳኳን። የመጀመሪያው ማረፊያ የሕፃን ለቅሶ እንግዶቼን ይረብሽብኛል አለን፤ መግቢያው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ግን ከሦስት ሕፃን በላይ ይጮህ ነበር። ሁለተኛው በደስታ ተቀበለን፤ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የበረንዳው መከላከያ ሁለት ብረት ስለጎደለው ግን ልጆቹን ከአልጋ እግር ጋር ካላሰርን በስተቀር የሚታደርበት አልነበረም። ሌላው ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴ ክፍሉን ልትሸጥልን ነው እንዴ ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየው አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና፣ በራቸው ላይ «ለቤተሰብ ምቹ» የሚል የጽሕፈት ቤትዎ ሰማያዊ ምልክት የተለጠፈባቸውን፣ ዋጋቸውም በመመሪያዎ መሠረት ለእንደ እኛ ዓይነቱ ሰው የተቀነሰላቸውን ቤቶች ያገኘነው። ሦስት ቤት ገባን፤ ሦስቱም በትሕትና ልጆቻችንን ቆጠሩ። ቤተሰብ ማለት ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ማለት እንደሆነ፣ ሦስተኛ ልጅ ያለው ሰው ሁለተኛ ክፍል በሙሉ ዋጋ መያዝ እንዳለበት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ነን ብለን የኖርነው በስሕተት ኖሯልና ስላረሙን አመሰግናለሁ። በመጨረሻው ቤት የነበረው እንግዳ ተቀባይ ቅን ወጣት ነው፤ አዝኖልን፣ «እትዬ፣ አንዱ ባይኖር እኮ ልክ ትሆኑ ነበር» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ መመሪያውን ማስረዳቱ ነው።

ሁለተኛ፤ በእነዚህ ቤቶች መግቢያ ስላሰቀሉት ትልቅ ፎቶግራፍ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ነጭ አልጋ ላይ አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተቀምጠው ይስቃሉ። እናትየዋ አንድ እጇን በልጁ፣ ሌላውን በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳርፋለች፤ መመሪያው ሲረቀቅ የተቆጠረው የእሷ እጅ ሳይሆን አይቀርም። እውነቱን ልናገርና ቀናሁባት። ያን ቀን የቀናሁት በአንሶላዋ ነበር፤ አንሶላ መተኮስ ሥራዬ ስለሆነ ያን ያህል ያልተጨማደደ አንሶላ ላይ ሁለት ልጅ ከፎቶግራፍ አንሺው ጠቅታ በላይ እንዳልተቀመጠ አውቃለሁ። እዚያው ቆመን ሳለን ልክ እንደ ፎቶግራፉ አራት የሆኑ ሰዎች ከእኛ በኋላ ገብተው ከእኛ በፊት ቁልፍ ተቀበሉ፤ እናትየዋ ደረጃውን ስትወጣ ልጆቿን ዞራ እንኳ አላየችም። ሳታያቸው እንደሚከተሏት ታውቃለች። በዚያም ቀናሁ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ያው ሰማያዊ ምልክት ካለበት ሰባተኛ ቤት ፊት ስንደርስ ትንሿ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች፤ ትልቋ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አልነሣም ብላለች። ባለቤቴ ጠጠርን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ፊት እንዲቆም ነገርኩትና ከሁለቱ ሴቶች ጋር ብቻዬን ገባሁ። የማረፊያው ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ መዝገቡን ገልጠው ስንት ልጅ አለሽ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ሁለት አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ከሦስቱ እሱን የመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ትልቋ የምትደበቅ አይደለችም፣ ትንሿ ደግሞ ዝም ማለት አታውቅም። በኋላ በር በአባቱ ካፖርት ተሸፍኖ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኬ ትከሻውን ያዝኩና ሰው ሲመጣ አንተ የለህም፣ ገባህ ወይ አልኩት። «ታዲያ እኔ ማን ልሁን?» አለኝ። ማንም፣ የለህም አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እራትስ?» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት የእርስዎ ተቆጣጣሪ መጣ። ትራስ ቆጠረ፣ ፎጣ ቆጠረ፣ የአልጋውን ሥር በባትሪ አየ፣ ልጆቼን ቆጠረ። ጠጠር ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ነበር፤ መጋረጃው አጭር ስለሆነ አሥሩም የእግሩ ጣቶች ወለሉ ላይ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ተቆጣጣሪው ወደዚያ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለት ልጅ ብሎ ጽፎ ፈረመ። ይህ ሰው ዓይኑ ሳይደክም አልቀረምና መነጽር ይገዛለት እንጂ እንዳይቀጣብኝ እማጸናለሁ። የማረፊያው ባለቤትም ቁጥር አይሆንላቸውም፤ የሁለት ልጅ ቁርስ ይዘው በመጡ ቁጥር ሳህኑ ሦስት ይሆንባቸው ነበር። በዚህ ዕድሜያቸው መቁጠር የሚያስተምራቸው አይገኝምና እሳቸውንም ይተዉልኝ።

ልጄ በመዝገብዎ ላይ አለመኖሩ እንዴት አድርጎ እንዳስደሰተው ብነግርዎ መመሪያዎን ይወዱት ነበር። ዳቦ ሲቆረስ «ለሌለውም ልጅ ድርሻው ይምጣ» ይላል። ሱሪውን እስከ ወገቡ አርሶ ከውኃው ሲመለስ ልቆጣው ስል፣ የሌለ ልጅ አይረጥብም ብሎ ይሞግተኛል። እኅቱ «አንተ ዝም በል፣ አልተቆጠርክም» ብትለው፣ «አንቺ ተቆጥረሽ የለ፤ በይ ሳህን አንሺ» ብሎ መለሰላት፤ አባቱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከተወለደ ጀምሮ ከቤቱ ርቆ ያደረው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ከተመለስን በአምስተኛው ወር ጠጠር ታመመ። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ቆየበትና በአራተኛው ቀን ሞተ። በዚህ ጽሕፈት ቤትዎን አልከስም፤ ትኩሳት በእርስዎ መመሪያ አይተዳደርም። እንዲያውም አሁን ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ስለሆንን ልክ ሆነናል፤ በየትኛውም ሰማያዊ ምልክት ሥር ገብተን ማደር እንችላለን።

ሰው ሐዘንተኛ ታለቅሳለች ብሎ ያስባል እንጂ ትቀናለች ብሎ አያስብም። እኔን የሚበላኝ ግን ቅናት ነው። ጫማ መሸጫ ውስጥ ጠበበኝ እያለ በሚነጫነጭ ልጅ እናት እቀናለሁ። አንዲት ደንበኛችን ልጇ በየወሩ እያደገ ልብስ አልበቃው እንዳለ ስታማርርብኝ የልጁን ሸሚዝ ኮሌታ ሆን ብዬ ሳልተኩስ አጣጥፌ ሰጠኋት፤ ቤቷ ስትደርስ ገልጣ እንደምትናደድ እያሰብኩ ቀኑን ሙሉ ደስ አለኝ። በፎቶግራፉ ላይ ባለችው ሴትዮም አሁን የምቀናው በአንሶላዋ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ያለ ልጅ አያተኩሰውም።

በገዛ ልጆቼም ቀንቻለሁ። ልጄ በሞተ በሦስተኛው ወር ስሙ እንደሌለ እያወቅሁ ያን መዝገብ ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ባለቤትየዋ ለምን ሳይሉ አወጡልኝ። የትልቋ ስም ከነዕድሜዋ፣ የትንሿም ከነዕድሜዋ በቆንጆ ጽሕፈት ሰፍሯል። ከሥራቸው የጎናችን ክፍል እንግዳ ተመዝግቧል፤ ከስሙም ቀጥሎ «ብስክሌት፣ ቀይ፣ አንድ፣ የኋላ መብራቱ የተሰበረ» ይላል። እንግዳ ይዞት የመጣው ብስክሌት እንዲመዘገብ መመሪያዎ ያዝዛልና። ያን ብስክሌት አውቀዋለሁ፤ ጠጠር ደወሉን እየመታ ባለቤቱን ምርር ያደረገበት ነው። ክቡር ሆይ፣ ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በጣውንቱ ይቀናል፤ በብስክሌት የቀናች ሴት ግን ከእኔ በፊት መኖሯን እንጃ። የተሰበረ መብራት እንኳ መስመር አግኝቶ ደወሉን ሲመታ የዋለው ልጅ አላገኘም።

ባለቤትየዋ ብዕራቸውን ከመዝገቡ አጠገብ ረስተው ወጥ ለማየት ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቆይተውም ቆይተውም አልመጡም። ልጽፈው እጄን ዘርግቼ ነበር። ነገር ግን በስርቆት ያስገባሁትን ልጅ በስርቆት ላስጽፈው አልወደድኩም፤ ብዕሩን ከድኜ ወጣሁ።

አምስተኛ፤ ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት የልጅ ነገር ከሆነ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው ተባልኩ፤ በሁለተኛው ዕለት እናንተ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። በሦስተኛው ዕለት ምክትልዎ ተቀበሉኝ። እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ የተቆጣጣሪውን ወረቀት አስመጥተው አዩና፣ «እናቴ፣ ደስ ይበልዎት፤ ሁለት ነው የሚለው፤ ምንም ጥፋት የለብዎትም» አሉኝ። ሦስት ነበሩ አልኳቸው። «ይሁኑ፤ እዚህ ግን ሁለት ናቸው» አሉኝ። በወረቀት ላይ ያልነበረ ልጅ ያልተመዘገበ ሊባል እንደማይችል ከረሜላ ጋብዘው አስረዱኝ። እሳቸው ስንት እንዳላቸው ብጠይቃቸው አምስት ናቸው ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ ስማቸውን ጠሩልኝ፤ አንዱን ረስተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የሚረሳ ልጅ እስኪኖራቸው ድረስ ተትረፍርፎላቸዋል። ዓይኔ እንዳያርፍባቸው ወለሉን እያየሁ ወጣሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የመመሪያዎ አንቀጽ አሥራ ሰባት ያልተመዘገበ ልጅ ያሳደረ ሰው እንደሚቀጣ፣ ደረሰኙም የልጁ ሙሉ ስም፣ ዕድሜውና ያደረበት ቀን ተጽፎበት ማኅተም እንደሚያርፍበት ይናገራል። ደረሰኙ በሦስት ቅጂ ነው፤ ነጩ ለተቀጪው፣ ቢጫው ለፋይል፣ አረንጓዴው ለመዝገብ ቤት። ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝና ይቅጡኝ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው «ቅጣት ደጅ የምትጠኚ ከዓለም አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ፤ ከዚያ የሥራ ልብሱን ኪስ ገልብጦ ያለውን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ኖረም አልኖረም፣ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ሦስት ልጅ አድሯል ተብሎ ይጻፍልኝ። ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ውሸቴን ግን የእኔ እንባ አላረመውም፣ የእርስዎ ማኅተም ያርመዋል። ሙሉ ስሙን በዚህች ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩት ለደረሰኙ ስላስቀመጥኩት ነው፤ ጸሐፊዎ ለመጻፍ ሲዘጋጅ ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ።

ሥልጣንዎ እንዲሰነብት፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ቁጥሮችዎም ሁሉ እንደ ልብዎ እንዲገጥሙልዎ እየተመኘሁ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከቢሮዎ በር ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ በፍጹም ትሕትና ተቀምጬ የምጠብቅዎ፣

የሦስት ልጆች እናት

ማሳሰቢያ፦ ምክትልዎ በር ድረስ ሲሸኙኝ ጽሕፈት ቤቱ የሐዘን መግለጫ ካርድ ሊልክልኝ እንደሚችል ነግረውኛል። ለአሳቢነታቸው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አይድከሙ። ማጽናኛ ከጎረቤት ሞልቶ ተርፎኛል፤ ቅጣት ግን ከእርስዎ በቀር የሚሰጠኝ የለም።