የመለሱልን ቤት

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ስታነብ ድምጿ ቢጠነክርብኝ እውነት አላት። እባክዎ አያስቁሟት፤ አንዲትም መስመር እንዳትዘል።

ከሄዱ አምስት ወር ሆነ። ዕቃዎ ሲጫን እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ወርጄ ደህና ይግቡ ማለት አቃተኝ። በምን አፌ?

የቤት ማኅበራችንን ስትመሠርቱ እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። እርስዎ ግንበኛ፣ ባሌ አናጢ። ሕጉን ያኔ በአንድ ድምፅ አወጣነው፤ የሚለቅ ሰው ቤቱን ለማኅበሩ ይመልሳል፣ የከፈለውን ይዞ ይወጣል፣ ቤቱም በዚያው ዋጋ ለተረኛ ይሰጣል። ጣራውንም ቧንቧውንም በየተራ የምናየው እኛው ነበርን። ከዚያ ሰለቸን። ስብሰባ ሲጠራ «ጋሼ አሉ አይደል?» እያልን ቀረን። ሁሉን እርስዎ ላይ ጥለን ስናበቃ፣ ሁሉን ብቻቸውን ያዙት ብለን ደግሞ አማንዎ። ጣራው ሲያፈስ የሚወጡት እርስዎ፣ ለምን ዘገየ ተብለው የሚወቀሱትም እርስዎ።

ደላላው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሕጉን ብንሰርዝ እያንዳንዳችን በገበያ ዋጋ መሸጥ እንደምንችል ከቤት ቤት እየዞረ አስረዳን። ባሌ ከሞተ ወዲህ የራሴን ሱቅ እመኝ ነበርና ልቤ ተነሣ። በስብሰባው እርስዎ አንዴ ከተሸጠ በኋላ እንደኛ ያለ ሰው እዚህ ግቢ ዳግም እንደማይገባ ሲናገሩ፣ ብድግ ብዬ ያን ነገር ተናገርኩ።

«ጋሼ ሕጉን የሚወዱት የሚያጡት ነገር ስለሌለ ነው።»

ወንበርዎን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ሰው ስላልሞላም ድምፁ ለወሩ ተላለፈ።

ዓይንዎን መታመምዎን አላውቅም ነበር። ልጅዎ ደረጃው ላይ አግኝታኝ ነው የነገረችኝ። ቶሎ ካልታከሙ ብርሃንዎ ይጠፋል ተብሏል፤ የግል ሕክምናው ደግሞ ከአቅም በላይ ነው፤ ማኅበሩ የሚመልስልዎም አይበቃም። ብቻዎን መኖር ስለማይችሉ እሷ ዘንድ መግባትዎ አይቀርም። ሦስት ሳምንት ቢታገሡ ግን ሕጉ ይሰረዛል፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ይታከማሉ። እርስዎ ግን እሷ ይህን በነገረችኝ ዕለት ጠዋት ቁልፉን ለማኅበሩ አስረክበው ነበር።

«እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት» አለችኝ። «‹እኔን ሲነካኝ የሚፈርስ ከሆነ፣ መጀመሪያም ሕግ አልነበረም› ነው ያለኝ።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ስፌቱን ትቼ በር ለበር ዞርኩ፤ ስብሰባ ከረገጡ ዓመታት ያለፋቸውን ሁሉ አንኳኳሁ። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ እኔ አሮጊቷ ምን እጠቅማለሁ ቢሉኝ፣ እጅዎን ያነሣሉ አልኳቸው። ሳቁና መጡ። ግቢው ሞላ። ጎረቤታችን ሾፌሩ ተነሥቶ፣ ሽጠን የት ልንገባ ነው፣ የምንገዛውስ በዚያው በተወደደ ዋጋ አይደል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። እርስዎን ምን እንዳልኩዎና እርስዎ ምን እንዳደረጉ ሳልቀንስ ተናገርኩ።

ሃያ ስድስት ለዐሥራ አንድ፤ ሕጉ ጸና። ሰው ሊበተን ሲል አስተማሪዋ «እጅ ማንሣትማ ቀላል ነው፤ ጣራውስ?» አሉ። እዚያው የተራ ዝርዝር ወጣ። ከፍታ የምፈራው እኔ ከሾፌሩ ጋር ጣራ ደረሰኝ። መሰላሉን አጥብቄ ይዤ ወጣሁ። በዘንድሮው ዝናብ ማንም ቤት ውስጥ ባልዲ አልደቀነም።

የግራ ዓይንዎ በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ሲጠብቁ እንደጠፋ የሰማሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለ ዓይንዎ የምለው የለኝም። ቃል ባገኝም አያምርብኝም።

ቤትዎ ለተረኛ ተሰጥቷል። ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ሁለት ልጆችና እናቷን ይዛ በአንድ ጠባብ ክፍል ሰባት ዓመት ተራ ጠብቃለች። ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። በባዶው ክፍል መሀል ቆማ ዋጋው ስንት ተጨመረበት አለችኝ። ምንም አልተጨመረም አልኳት። አላመነችኝም፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

ቀድሞ የነበሩበትን ሰው አሳይኝ፣ ሄጄ እጃቸውን ልሳም እያለች እስከ ዛሬ ትወተውተኛለች። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆይቻታለሁ። እሷ ለምስጋና ስትገባ እኔ ከኋላዋ ተከልዬ መግባት የለብኝም።

እሑድ ከሰዓት እመጣለሁ። ልጅዎ በሩን ብትዘጋብኝ አልቀየማትም፤ በሌላ እሑድ እመለሳለሁ። ሴትዮዋን ኋላ አመጣልዎታለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ልምጣ።

ልብስ ሰፊዋ