ስለተተከለው ማቀዝቀዣና ስለተነቀለው አልጋ

ነገሌ ቦረና፣ መጋቢት ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር የቆላ አየር ማመላለሻ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የቢሮዎን ነፋሻነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በነገሌና ከነገሌ በታች ባለው ቆላ የምንኖር ሰዎች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ሙቀቱ እንደተጠበቀ ሆኖ ደኅና ነን። እኔ ዓብዱልሀኪም ሀሺ የምባል የቆዳ ነጋዴ ስሆን፣ ክቡርነትዎ በስም ባያውቁኝም በሚዛኔ ሳያውቁኝ አይቀሩም። ወደ ዶሎ የሚበረው መንገደኛ ሁሉ ከነጓዙ የሚመዘነው ጽሕፈት ቤትዎ ከመጋዘኔ ተውሶ እስከ ዛሬ ለመመለስ ጊዜ ባጣለት የቆዳ ሚዛን ነውና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተነሣሁት በአሮጌዋ ትንሽ አውሮፕላናችን ውስጥ ስላስተከሉልን የአየር ማቀዝቀዣ ምስጋና ለማቅረብ ነው። አውሮፕላኗን ላላዩ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ሞተር ያላት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ በሯ አልገጥም ስላለ ከሱቄ በተሰጠ ጠፍር እየታሰረ የምትበር፣ ሆኖም እስከ ዛሬ አንድም ቀን ያላሳፈረችን አሮጊት ናት። ከኋላዋ የሸራ አልጋ ነበራት። በዶሎ በኩል በጠና የታመመ ሰው ሲገኝ በዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ነገሌ ሐኪም ዘንድ ይደርስ ነበር። ማቀዝቀዣው የተተከለው አልጋው ተነቅሎ በእሱ ቦታ ነው።

ልጄ ከሚላ ዶሎ አግብታ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሕፃኑ አልወጣ ብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ በዚያ አልጋ ተጭና መጥታ እናትም ልጅም ተርፈዋል። አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፤ የመውለጃ ወሯም ሚያዝያ ነው። ሚያዝያ ሲገባና ዝናቡ ሲጥል የዶሎ መንገድ እንኳን ለምጥ ለያዛት ሴት ለጭነት መኪናም እንደማይሆን ክቡርነትዎ በጉብኝትዎ ወቅት ከአውሮፕላኑ መስኮት ሆነው ሳይመለከቱት አይቀሩም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለሙቀቱ። ቀድሞ አውሮፕላኗ የምትነሣው ጎህ ሲቀድ ነበር። አብራሪያችን ካፒቴን ወልደየሱስ እንደሚያስረዱት ፀሐይ ከበረታች አየሩ ስለሚሳሳ ሸክሟን ማንሣት ያቅታታል። ክቡርነትዎ ለጉብኝት ወደ ዶሎ መመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ግን መነሻዋ እርስዎ ቁርስዎን ጨርሰው ሲመጡ ሆኗል። በመጡ ጊዜም ሕዝቡ ተበታትኖ እንዳያገኙት ጸሐፊዎ ሁላችንንም ከንጋት ጀምሮ ውስጥ አስቀምጦ በሩን በጠፍር ያስርብናል። አንድ ቀን ታዲያ በአራት ሰዓት መጥተው ከገቡ በኋላ ግንባርዎን በመሐረብ ጠርገው ይህ እሳት ነው፣ ማቀዝቀዣ ይግባላት ሲሉ አዘዙ። ከንጋት ጀምሮ በዚያው እሳት ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች እንዲህ ያለ አሳቢ ኃላፊ ስላገኘን እርስ በርሳችን ተያየን። ጎህ ሲቀድ ቢመጡስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ያሰበ ቢኖርም ጨዋ ስለሆነ አልተናገረም።

ሁለተኛ፤ ስለመሣሪያው ጠባይ። ጥቅሙን ከጉዳቱ ጋር ሳላመዛዝን ብፈርድ ነጋዴ አይደለሁምና ካፒቴኑን በትሕትና ጠየቅኋቸው። መሣሪያው የሚሠራው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ እርስዎን ስንጠብቅ አይሠራም። አውሮፕላኗ ስትነሣ ደግሞ ጉልበት እንዳይሻማት መጥፋት አለበት። ከፍ ካለች በኋላ አየሩ በራሱ ስለሚቀዘቅዝ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይጠቀልላሉ፤ እኔም ኮቴን እቆልፋለሁ። ስለዚህ መሣሪያው ሥራ አገኘ የሚባለው ዶሎ ለማረፍ ዝቅ ስንል ባለችው አጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያኔም ያመረተው ብርድ በጠፍር በታሰረው በር ሽንቁር ወጥቶ የዶሎን ሰማይ ያቀዘቅዛል። ፍርድ እንዳላጓድል፣ የካፒቴኑን ጉልበቶችና የክቡርነትዎን ጠርሙስ ውሃ በሚገባ እንደሚያበርድ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለክብደቱ። መሣሪያው ከመተከሉ በፊት በእኔው ሚዛን ተመዝኗል። ከነማሰሪያ ብረቱና ከነቱቦው ከሚላ ባለፈው ከነሆዷ ተጭና ስትመጣ ካፒቴኑ የገመቱላትን ኪሎ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ካፒቴኑም አሮጊቷ የምታነሣው የታወቀ ስለሆነ ይህ ከገባ አንድ ሰው መውረድ አለበት ብለው አስታወቁ። ክቡርነትዎ ማን ይውረድ የሚለውን ሲያስቡ ብዙ አልተጨነቁም፤ በዚያን ቀን በአልጋው ላይ የተኛ በሽተኛ ስላልነበረ አልጋው ሥራ ፈት ነው ብለው ወሰኑ። በሽተኞች አስቀድመው ቀጠሮ ባለመያዛቸው የደረሰውን ስሕተት በሕዝቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመሣሪያው የመጀመሪያ ደንበኛ ለመሆን የታደሉት ጎሊቻ የተባሉ የዶሎ አካባቢ ሽማግሌ ናቸው። ግመል ረግጦ እግራቸውን ከሰበራቸው በኋላ ልጆቻቸው ተሸክመው ማረፊያው ድረስ ቢያመጧቸው የሚዘረጉበት ቦታ ጠፋ፤ የተሰበረ እግር ደግሞ ታጥፎ አይቀመጥም። ስለዚህ አውሮፕላኗ ማቀዝቀዣውን ይዛ ስትመለስ እሳቸው ጨው በጫነ መኪና ላይ ተንጋለው መጡ። ነገሌ ሲደርሱ ልጠይቃቸው ሄጄ በኦሮምኛ ናጋ ተባብለን ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በአልጋው ቦታ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «የሙቀቱን ነገር ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ። እግር መሰበሩን ግን ገና አልለመድኩም።»

አራተኛ፤ ይህኛው ስለክቡርነትዎ ክብደት ስለሆነ በሬን ዘግቼ ነው የምጽፈው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከዘይት ጣሳ እስከ ዶሮ ቅርጫት ሁሉም በሚዛኔ ላይ ሲወጣ እርስዎን ግን ይውጡ ለማለት የደፈረ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጸሐፊዎ ከስምዎ ፊት ለፊት ሁልጊዜ ስድሳ ኪሎ ብሎ ይጽፋል። ይህ ኪሎ ለክብር የተሰጠ ኪሎ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ካፒቴኑም ስለሚያውቁ እርስዎ በሚሄዱበት ቀን አንድ ጆንያ ስኳር ድምፅ ሳያሰሙ ያወርዳሉ። የዶሎ ሰው ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣው በክቡርነትዎ ጉብኝት ሰሞን መሆኑን ቢሰሙ ኖሮ ምን ያህል እንደሚወደዱ ይረዱት ነበር።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ቀልዱን ለአፍታ አስቀምጬ እውነቱን ልንገርዎ። እፈራለሁ። ከሚላ ልጄ ናት፤ የመጀመሪያውን ምጥ ዓይኔ አይቶታል። ማታ ነጎድጓድ ሲሰማ ገበያተኛው ዝናብ መጣልን ብሎ ሲደሰት እኔ የዶሎን መንገድ አስቤ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ቀድማ ትምጣ እንዳልል ባሏ ከብቶቹን ይዞ ውሃ ፍለጋ ርቋል፤ የታመመች አማቷን ጥላ አልወጣም ብላ ላከችብኝ። ያላት ያ አልጋ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ መሣሪያው ከአውሮፕላኗ ወጥቶ በቢሮዎ እንዲተከልና አልጋው ወደ ቦታው እንዲመለስ እንዲያዝዙልኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ መብረር ስለማይጠበቅበት ክብደቱ አያሳስበውም፤ በሩም ያለ ጠፍር ይዘጋል። በዚያም ብርድ እየተደሰቱ ጉብኝቱን ቢያሳጥሩት ማንም ቅር አይለውም።

ለሙቀታችን ስላዘኑልን፣ ሕመማችንን ስላላዩብን፣ ሚዛኔንም ስላልሰበሩብኝ እያመሰገንሁ፣ ከላብ ነፃ የሆነ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎና የአውሮፕላንዎ በር ጠፍር ሰጪ
ዓብዱልሀኪም ሀሺ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ መሣሪያው በተመዘነበት ቀን ፎቶግራፍ አንሺው ከጎኑ ትንሽ ከፍ ብለው እንዲቆሙለት ሲለምንዎ ክቡርነትዎ ሳያስተውሉ የወጡት በሚዛኔ ላይ ነበር። ነጋዴ ነኝና ዓይኔ መርፌው ላይ አረፈ። ያየሁትን ከካፒቴኑ በቀር ለማንም አልተነፈስሁም። አልጋው ሚያዝያ ከመግባቱ በፊት ካልተመለሰ ግን ቁጥሩን በሱቄ በር ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ፤ ማንበብ ለማይችለውም በአማርኛና በኦሮምኛ እየጮኽሁ አነብለታለሁ። ቁጥሩ ሦስት አኃዝ አለው። የመጀመሪያውን ዛሬ ጠዋት ጽፌዋለሁ።