የተደፋው በርሜል

በርሜሌን የደፋሽብኝ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ለሩዙ ማዳበሪያ ይሆነኛል ብዬ ስንት ሳምንት ያብላላሁትን የፍራፍሬ ልጣጭ፣ «ይሄ ግማት!» ብለሽ ሳታስፈቅጂኝ ቦዩ ውስጥ ገለበጥሽው። ተኮራርፈንም ተለያየን። ተሳስቼ ነበር አልልም። ነገር ግን እኔ ፈሳሹን ሳላቀጥን በጣሳ ሳፈስበት የሩዙ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ይቃጠል ነበር። አንቺ የደፋሽውን ግን የቦዩ ውሃ አቅጥኖ ለማሳው ሁሉ አዳረሰው። ዛሬ ሩዙ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ሆኗል። አመሰግንሻለሁ። አሁን አንዱን ጣሳ በባልዲ ውሃ በጥብጬ ነው የማጠጣው። የጭማቂ ቤቷ ሴትዮም የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ሳትሰስት ትሰጠኛለች፤ እግዜር ይስጣት።

እናትሽ ደህና ናት። ያን ቀን «ምነው ሰውዬውንም አብረሽ በደፋሽልኝ!» ብላ እስክታነባ ስቃ ነበር። አሁን አልጋዋ ላይ አረፍ ትላለች። ሾርባ ሳቀርብላት በሁለተኛው ማንኪያ «በቃኝ» ትላለች። አዲሱን በርሜል መስኮቷ ሥር አስቀምጬ፣ እንድትሰድበኝ ክዳኑን ከፈትኩት።

«አልሸተተሽም?» አልኳት።

«ምኑ?» አለችኝ።

ሩዙ ገና ነው፤ አንቺ ግን አጨዳውን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት መኪና ካገኘሽ ነይ። ክፍልሽን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። እናትሽ ትስምሻለች፣ እኔም እንደዚያው። ስለ በርሜሉ ብለሽ እንዳትቀሪ፤ እስክሞት ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም።

አባትሽ