ለማይንቀሳቀሰው መኪናዬ ስለተደረገልኝ ድጋፍ

ለተከበሩ የኃይል አቅርቦት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ሳንባዎ ደህና፣ እንቅልፍዎ የጠገበ፣ የቢሮዎም ማቀዝቀዣ አንድም ቀን ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ታላላቆቹ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ እንጂ ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም።

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ወንበር አለብሳለሁ፣ ስፖንጅ እቀይራለሁ፤ ምናልባት አሁን የተቀመጡበትም የእጄ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከእናቴና ከባለቤቴ ጋር የምኖረው መሥሪያ ቤትዎ ባለፈው ዓመት ሪባን ቆርጦ ካስመረቀው የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ፊት ለፊት ነው። እናቴ ሳንባዋ ስለደከመ፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ውስጥ በሚያስገባ ማሽን ትተነፍሳለች፤ ማሽኑ ደግሞ የሚሠራው በእርስዎ መብራት ነው። ቅሬታ ማለት ስለማልደፍር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሰፈራችን መብራት በፈረቃ እንዲያገኝ፣ የመኪኖቹ መስመር ግን ለአፍታም እንዳይቋረጥ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ወርክሾፕ ደውላ፣ መብራት እንደሄደና የመጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደርም እያለቀ እንደሆነ ነግራኝ እየሮጥኩ ስደርስ፣ እናቴ ከንፈሯ ጠቁሮ የመስኮቱን ብረት ይዛ ቆማ አገኘኋት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ መኪናውን ሰክቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ተኝቷል። ሰውዬውን አልጠላሁትም፤ መኪናው እስኪጠግብ መጠበቁ ነው። እርስዎን ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ቀን ጠልቼዎታለሁ።

፪. ስለ ድጋፍ ሰጪ ክፍልዎ ትሕትና። እናቴን ከፈረቃው ነጻ እንዲያደርጉልኝ የሐኪም ማስረጃ ይዤ ደጅ ስጠና ከረምኩ። በመጨረሻ የመስኮቷ ሠራተኛ ከልቧ አዝና፣ ከፈረቃ ነጻ የሚያደርገው ማበረታቻ ለተሽከርካሪ እንጂ ለሰው እንዳልተዘጋጀ አስረዳችኝ። ልታጽናናኝም ብላ፣ ምነው ወንድሜ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በኖረህ፣ ፈረቃ የማይነካው ልዩ ቆጣሪ በሳምንቱ ይገባልህ ነበር፣ ሒሳቡም በግማሽ ነው አለችኝ። እሷ እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ ከዚያው ተነሥቼ የተሰባበሩ መኪኖች ወደሚሸጡበት ግቢ ሄድኩ።

መኪና ገዛሁ፣ ክቡር ሆይ። ባትሪው ተፈትቶ ተሸጧል፣ ሞተሩ የለም፣ ጎማዎቹም ሌላ ቤት ገብተዋል፤ ሊብሬው ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር፣ መሥሪያ ቤትዎም የጠየቀኝ እሱን ብቻ ነው። በጭነት መኪና አስመጥቼ ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሠራተኞችዎ በቃላቸው መሠረት በሳምንቱ መጥተው፣ መንገድ ዳር ሆነው ቆጣሪውን ከተከሉ በኋላ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ጨብጠውኝ ሄዱ። ከአዲሱ ሶኬት እስከ እናቴ አልጋ ገመድ ዘረጋሁ። ነገሩ ሲገባት እስክታስል ሳቀችና፣ እንግዲህ ልጄ ታርጋም አውጣልኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከንፈሯ ጠቁሮ አያውቅም፤ በመኪናው ውስጥም የጎረቤት ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ።

፫. በተለይ ላመሰግንዎ የምወደው ስለ ሽልማቱ ነው። መኪናዬ ቀንም ሌሊትም፣ ሳይበዛ ሳያንስ፣ ያለማቋረጥ ኃይል ሲጠቀም ኮምፒዩተራችሁ አይቶ አርአያ ደንበኛ ብሎ ስለመረጠኝ፣ ባዘጋጃችሁት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሰልፍ ላይ ከፊት እየነዳሁ እንድመራ ተጋበዝኩ። መኪናዬን ትንሽ አሞታል ብዬ ብቀር፣ ለጥየቃ ይመስል የማስተዋወቂያ ክፍሉን ኃላፊ ከነፎቶ አንሺዋ ላካችሁልኝ። ፎቶ አንሺው የመኪናውን በር ሲከፍት ዶሮዋ ፊቱ ላይ በረረች። ኃላፊዋ ግን ገመዱን በዓይኗ እየተከተለች እናቴ ክፍል ድረስ ገባች። እናቴም እንደ ወጉ፣ ቁጭ በይ እንጂ ልጄ፣ ምነው ቆምሽ አለቻት። ቁጭ አለች፤ ማሽኑ ሲተነፍስ ለጥቂት ጊዜ ስታዳምጥ ቆየችና፣ ደንቡ ስለ መኪና እንጂ ስለ እናት የሚለው ነገር ስለሌለ ያየችውን ማሳወቅ ግዴታዋ መሆኑን ነገረችን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሪፖርቱን ግን ጻፈች።

በዚሁ መሠረት ተሽከርካሪው የማይንቀሳቀስ ሆኖ በመገኘቱ ልዩ ቆጣሪው የፊታችን ሰኞ እንዲነቀል ታዟል። አጭበርብረሃል ለሚለው ክስ መከራከሪያ የለኝም፤ አጭበርብሬያለሁ፣ ነገም ቢሆን አጭበረብራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ይህ ሁሉ ማበረታቻ የታሰበው ሰው ንጹህ አየር እንዲተነፍስ መሆኑን በማስታወቂያችሁ ላይ ሰምቻለሁ። እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነው፤ መኻል ላይ ያለውን መኪና ብቻ ዘለልኩት።

ስለዚህ ደንቡ ሲሻሻል በማሽን የሚተነፍስ ሰው የሚል አንድ መስመር እንዲጨመርልን እለምናለሁ። በዝርዝሩ ከሞተር ብስክሌት በታችም ቢሆን ቅር አይለንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ስለ ሌላ ሰው እንጂ ስለ እርስዎ እንዳልሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እየመሰከርኩ ነው።

በእርስዎ መልካም ፈቃድ እስከ ሰኞ ድረስ የምትተነፍስ እናት ልጅ፣ የአርአያ ደንበኝነት ማዕረጉ ገና በይፋ ያልተገፈፈ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ

ሶፋ ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ቆጣሪውንና የግቢውን ሶኬት ሊነቅል ለሚመጣው ባለሙያ በሩን የምትከፍትለት እናቴ ናት። ባለቤቴም እኔም ተይ ብንላት፣ ቤቴ የመጣን ሰው እኔው ራሴ እቀበላለሁ ብላ እምቢ አለችን። ትንሽ ስለምትዘገይ ደጋግሞ እንዳያንኳኳ እባክዎን ይንገሩልን። የማሽኑ ቱቦ እስከ በሩ ስለማይደርስ፣ መንገድ ላይ አውልቃው ነው የምትመጣው።